ነጭ ዓሣ በጠፋ ጊዜ

የክፍል ጓደኞቼ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ጨረቃ፥ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ልብ አሠራር ጽፈዋል። እኔ ግን የባዮሎጂ መምህራችን «እያንዳንዱ ተማሪ በዐይኑ አይቶ ስለሚያውቀው ነገር ይጻፍ» ባሉን ጊዜ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ። ቤታችን ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ በፎገራ ሜዳ ዳር ነው። ለትምህርት ባሕር ዳር ከአክስቴ ዘንድ ብቀመጥም፥ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ተመልሼ ከአባቴ ጋራ መረብ እጥላለሁ። ስለዚህ ዛሬ ላቀርብላችሁ የምፈልገው፥ ዓሣ አጥማጅ የለመደው ዓሣ እንቢ ባለው ጊዜ ወደ ሌላ ዓሣ እንዴት እንደሚዞርና ይህም መዞር ምን ምን ጣጣ እንዳለበት ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ «አንዱ ሲጠፋ ሌላውን መያዝ ነው እንጂ ሌላ ምን አለው?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንደዚሁ መስሎኝ ነበር።

አስቀድሜ ስለ ሐይቁ ጥቂት ልናገር። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከሁሉ የጠለቀው ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የተፈጥሮ መውጫው ዓባይ ነው፤ ዓባይም ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ በጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራል። ከታች ያለ ዓሣ ይህን ገደል ዘሎ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ በታችኛው ዓባይ የሚገኘው ግዙፉ ናይል ፐርች በጣና የለም፤ በጣና ያሉት ዓሦች ደግሞ እጅግ ረጅም ዘመን ለብቻቸው ሲኖሩ ከሌላው የተለዩ ሆነዋል።

በእኛ ገበያ ላይ የሚውሉት ሦስት ወገን ናቸው፤ ነጭ ዓሣ፥ ቀረሶና አምባዛ። በሶ የሚባል አራተኛ አለ፤ ነገር ግን እኛ ዘንድ የሚያዘው ጥቂት ስለ ሆነ እዚህ ላይ አላነሣውም።

ነጭ ዓሣ የምንለው ሊቃውንት ላቤዮባርበስ የሚሉትን ነው። እኛ በአንድ ስም እንጥራው እንጂ በጣና ውስጥ 15 ዝርያ እንዳለው ተመርምሮ ተጽፏል። አባቴ ይህን በነገርሁት ጊዜ አልተደነቀም፤ እሱ ከአፋቸው አያይዞ ይለያቸዋል። የአንዱ አፍ ወደ ላይ፥ የሌላው ወደ ታች ያዘነበለ ነው፤ የአንዱ ከንፈር የወፈረ ነው። አንዳንዱ ከውሃው ወለል ትልና ቀንድ አውጣ ይለቅማል፤ አንዳንዱ ሌላ ዓሣ አሳድዶ ይውጣል። የነጭ ዓሣ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውምና ዓሣ አዳኝ መሆኑ ራሱ እንግዳ ነገር ነው። ከእነዚህ ዝርያዎች አብዛኞቹ ከጣናና ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም።

ቀረሶ በሌላው አገር ቆሮሶ የሚባለው ነው፤ በመጽሐፍ ቲላፒያ ይባላል። በሐይቁ ዳር በጥልቀት በሌለው ውሃ፥ በደንገልና በሣር አጠገብ ይውላል፤ ምግቡም በአብዛኛው በውሃው ላይ የሚበቅለው ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ነው። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ሥጋው ጣፋጭ ስለ ሆነ ከተሜው ሁሉ ይወደዋል።

አምባዛ ግን የብቻው ፍጥረት ነው። ቅርፊት የለውም፤ ቆዳው ልሙጥና ዝልግልግ ነው። በአፉ ዙሪያ ስምንት ጢም አለው፤ በደፈረሰ ውሃና በሌሊት ጨለማ መንገዱንና ምግቡን የሚፈልገው በነዚህ ጢሞች ነው። ከጉንጩ በላይ እንደ ቍጥቋጦ የተበታተነ አካል ስላለው ከውሃ ወጥቶ እንኳ አየር ይስባል። ይህን ከመጽሐፍ ሳልማር በፊት በቤታችን አይቼዋለሁ። አንድ ምሽት በጆንያ ተጠቅልሎ ከጓሮ የቀረ አምባዛ ሌሊቱን ጆንያውን ፈልቅቆ ወጥቶ፥ እናቴ ንጋት ላይ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ በእርጥቡ መሬት ላይ ሲሳብ አገኘችው። ጩኸቷን ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ዓሣ እንደ እህል ሁሉ ወራት አለው። ሐምሌ ገብቶ ጉማራ፥ ርብ፥ መገጭና ግልገል ዓባይ መሙላት ሲጀምሩ፥ የነጭ ዓሣ ወገኖች ከሐይቁ ተነሥተው በወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። ቢያንስ ሰባቱ ዝርያዎች ወደ ወንዝ ወጥተው ጠጠር ባለበትና ውሃው በሚሮጥበት ስፍራ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ዋናው ጊዜ ነሐሴና መስከረም ነው። በዚህ ወራት በሐይቁ መካከል የተጣለ መረብ እንደ ገባ ባዶውን ይወጣል፤ በወንዙ አፍ የተጣለው ግን ሞልቶ ይሰበራል። የሁለት መቶ ቤት ሰው በአንዲት በር ሲወጣ አስቡ፤ በሩ ላይ ቆሞ የሚይዝ ሰው ብዙ መሮጥ አያስፈልገውም።

ድሮ ይህ ያን ያህል ጉዳት አላመጣም ነበር። በጣና ዓሣ በማጥመድ የታወቁት ወይጦዎች በደንገል ታንኳ ከዳር ሳይርቁ በመንጠቆ፥ በወጥመድና በትንሽ መረብ ይይዙ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ግን በሆላንድ አገር ክርስቲያኖች እርዳታ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ብዙ ሰው እንጀራ አገኘበት፤ ይህን መካድ አይገባም። አባቴም ሥራውን የተማረው ከነዚያ ጀልባዎች ባንዱ ላይ ውሃ በመቅዳትና መረብ በመፍታት ነው። ነገር ግን ተመራማሪዎች በ1983 ዓ.ም. አካባቢ የነበረውን በ1993 ዓ.ም. አካባቢ ከነበረው ጋራ ሲያነጻጽሩ፥ ከነጭ ዓሣው ክብደት ሦስት አራተኛው ያህል ጎድሎ አገኙት። ግልገሎቹ ደግሞ ከዚያ በባሰ ጎድለዋል። ለዚህ ዋናው ምክንያት ብለው የጠቀሱት ዓሣው ለመውለድ በተሰበሰበበት ስፍራ መያዙን ነው። በአንዳንድ ወንዝ የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃ ውስጥ በመበተን ዓሣ የማደንዘዝ ልማድም አለ፤ ይህ ትልቁንም ትንሹንም አይለይም።

አሁን የራሴን ልናገር። የ9ኛ ክፍልን በጨረስሁበት ክረምት ከሐይቁ የምናገኘው ዓሣ እጅግ አነሰ። በዚያ ላይ ነፋስ ያመጣው የእምቦጭ ክምር ከሁለቱ መረቦቻችን አንዱን ጠቅልሎ ወሰደው። እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሐይቃችን ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ የተስፋፋ አረም ነው፤ በነፋስ እየተነዳ ሲመጣ መረብንም ታንኳንም አይምርም። መስከረም ደግሞ እየቀረበ ነበር፤ ደብተር፥ የደንብ ልብስ፥ ለአክስቴም የምንሰጣት እህል ያስፈልጋል። አንድ የአባቴ ወዳጅ መጥቶ፥ «አያ፥ ዓሣው ሁሉ ወንዙ አፍ ላይ ተከማችቶ ሳለ አንተ ባዶ ሐይቅ ስትቀዝፍ ትውላለህ?» አለው። አባቴ መልስ አልሰጠውም፤ ነገር ግን በሦስተኛው ቀን ማታ ሄድን።

በአንድ ሌሊት የያዝነውን ያህል በወር አልያዝንም ነበር። ጠዋት ሆዳቸውን ስንቀድ ከሴቶቹ ብዙዎቹ በእንቁላል የተሞሉ ነበሩ፤ እንቁላሉም እንደ ማሽላ ፍሬ ቢጫ ሆኖ በሣሩ ላይ ፈሰሰ። አያቴ ከደጅ ተቀምጣ ስታይ ቆይታ «ይህ ሁሉ ልጅ ማን ሊሆን ነበር?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። ገንዘቡን ተቀበልን፤ እኔም በዚያ ገንዘብ ደብተሬን ገዛሁ። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው።

በሚቀጥለው ክረምት ግን ወሬው ተሰምቶ ኖሮ በወንዙ አፍ ላይ መረብ በመረብ ሆነ። አንዱ የሌላውን ይቆርጣል፤ ጠብ ይነሣል፤ የሚወጣው ዓሣ ደግሞ ከአምናው እኩሌታ አይሞላም። ስለ ዓሣ ሀብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 315/1995 መኖሩን ለአባቴ ያነበብሁለት ያን ጊዜ ነው። እሱ ግን «አዋጁስ ጥሩ ነው፤ እኔን ያስመረረኝ ሌሊቱን ሙሉ መረብ ስጠብቅ ማደሬ ነው» ብሎ፥ ወደ አምባዛ ለመዞር ቆረጠ።

ወደ ሌላ ዓሣ መዞር ማለት ሥራን እንደ ገና መማር ማለት መሆኑን ያወቅሁት ከዚህ በኋላ ነው። አንደኛ፥ ዕቃው ይለያል። ለቀረሶና ለነጭ ዓሣ የምንጥለው መረብ በውሃ ውስጥ እንደ አጥር ይቆምና ዓሣው ሲያልፍ በጉንጩ ይይዘዋል። እኛ ለአምባዛ የተጠቀምነው ግን መንጠቆ ነው። በአንድ ረጅም ገመድ ላይ 60 መንጠቆ በአጫጭር ክር እያንጠለጠልን አሰርን፤ በሁለቱ ጫፍ ድንጋይ፥ ከድንጋዩም ወደ ላይ ምልክት እንዲሆን ባዶ ጀሪካን አደረግን። መንጠቆውን ለመግዛት አባቴ አንድ በግ ሸጠ።

የመጀመሪያው ሌሊት ምንም አልያዝንም። ሁለተኛውም እንደዚሁ። ምግቡ ተበልቶ መንጠቆው ባዶውን ይወጣል። በሦስተኛው ቀን በደንገል ታንኳ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ወይጦ አይተውን ሳቁና፥ «ልጆቼ፥ ለማን ሰቅላችሁለት ነው? አምባዛ እኮ በሆዱ እየሄደ ነው የሚበላ» አሉን። ገመዳችን ከውሃው ወለል ከፍ ብሎ ተወጥሮ ኖሯል፤ ምግቡን የሚቆነጥሩት ከላይ የሚዋኙ ትናንሽ ዓሦች ናቸው። ድንጋይ ጨምረን ወለሉ ላይ አስተኛነው፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጥለን ጎሕ ሳይቀድ ማንሣት ጀመርን። በዚያ ሌሊት ሰባት አምባዛ ወጣ፤ አንዱ የእኔን ክንድ ያህል ነበር።

ሁለተኛ፥ አያያዙ ይለያል። አምባዛ በሁለቱ የጎን ክንፎቹ ላይ ጠንካራ እሾህ አለው። እኔ እንደ ቀረሶ ጨብጬ ልይዘው ስል መዳፌን ወጋኝ፤ እጄም አብጦ አምስት ቀን ቀዘፋ ተከለከልሁ። የሚያዘው ከራሱ በስተኋላ፥ እሾሁን በጣቶች መካከል አሳልፎ ነው። ይህን በየትኛውም የትምህርት መጽሐፌ አላገኘሁትም፤ ስለዚህ እዚህ ጽፌዋለሁ።

ሦስተኛው ጣጣ ከሁሉ የከበደ ነው፤ እሱም የሰው አፍ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ፍጥረት እንዳይበላ ተጽፏል፤ ስለዚህ በአገራችን ብዙ ሰው አምባዛን አይቀምስም። እናቴ «ሽጠህ ብላ፤ ድስቴ ውስጥ ግን አይገባም» አለች። አያቴማ ከደጅ እንኳ እንዲያልፍ አልወደደችም። ዓሣ የምትገዛን ነጋዴም እንዲህ አለችው፤ «አያ፥ አምባዛን የሚወስድልኝ ሥጋውን ከትፎ የሚያበላ ምግብ ቤት ብቻ ነው። ከቀረሶው ዋጋ እኩሌታውን ከወደዱ ልውሰድ።» አባቴ ወደደ፤ ምን ያድርግ? ዓሣ እንደ ጤፍ ተከምሮ ዋጋ አይጠብቅም። በጨው አድርቆ ቋንጣ ማድረግም አለ፤ የጣና ደረቅ ዓሣ በመተማ በኩል ሱዳን ድረስ ሲሸጥ የቆየ ነገር ነው። ነገር ግን በነሐሴ ዝናብ ማን ያደርቃል? የሰቀልነው ሁሉ ተበላሽቶ ለውሻ ተጣለ። ማድረቅ የቻልነው ከመስቀል በኋላ ነው።

ታዲያ ሒሳቡ እንዴት ሆነ? በደብተሬ የያዝሁትን ልንገራችሁ። በ30 ሌሊት 114 አምባዛ አወጣን፤ በአማካይ በሌሊት አራት እንኳ አይሞላም። ለምግቡ የምናወጣው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን 11 መንጠቆ ጠፋብን። የበጉ ዋጋ ተመለሰ፤ የደንብ ልብሴ ተገዛ፤ ለአክስቴ እህል ግን አልተረፈም። ስለዚህ ወደ ባሕር ዳር የመጣሁት ትምህርት ከተጀመረ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያመለጠኝንም የሒሳብ ትምህርት እስከ ገና ድረስ ስከተል ነበር። በወንዙ አፍ ከአንድ ሌሊት ያገኘነውን ያህል በአምባዛ ለማግኘት 12 ሌሊት አስፈልጎናል። ይህን ሳልደብቅ የምጽፈው፥ ነገሩን ከሩቅ ሆኖ «ለምን አይተውትም?» የሚል ሰው ስለሚኖር ነው።

ይህን ጽሑፍ በክፍል ባነበብሁ ጊዜ መምህራችን አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። «አምባዛስ የሚወልደው በክረምት አይደለምን? ከአንዱ እርጉዝ ወደ ሌላው እርጉዝ መዞራችሁ ምን ጥቅም አለው?» አሉ። ደነገጥሁ፤ እውነት ነውና። አምባዛ ሜዳው በጎርፍ ሲሸፈን በሌሊት ወደ ሣሩ እየወጣ እንቁላሉን በሣር ላይ ያጣብቃል። አንድ ሳምንት አስቤበት ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። አንዲት ትልቅ የአምባዛ ሴት ከመቶ ሺህ በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ የምትጥለውም በአንዲት በር ሳይሆን በሰፊው ጎርፍ ሁሉ ላይ ተበትና ነው። አምባዛ በአፍሪቃ ከደቡብ እስከ ሰሜን በብዙ ሐይቅና ወንዝ የሚኖር ዓሣ ነው። የጣና ነጭ ዓሣ ግን ቀስ ብሎ የሚያድግ፥ በጥቂት ወንዞች አፍ የሚሰበሰብና አብዛኛው ዝርያው ሌላ አገር የሌለው ነው። ስለዚህ ሁለቱ እኩል አይደሉም። ሆኖም መምህሬ ከያዙት ነገር ሙሉ በሙሉ አላመለጥሁም፤ ሰው ሁሉ በአንድ ክረምት መንጠቆ ይዞ ወደ ጎርፉ ቢወጣ አምባዛም የነጭ ዓሣን ዕጣ እንዳያገኝ የሚከለክለው ነገር የለም። አባቴ ገመዱን ከሐይቁ ዳር ብቻ እንጂ በጎርፉ ሣር ውስጥ አይጥልም፤ ይህን የሚያደርገው ግን በከፊል መንጠቆው በሣር ስለሚያዝበት ነው።

ይህ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በዝዋይ ሐይቅ ቆሮሶ እያነሰ ሲሄድ አጥማጆቹ ከውጭ ወደ መጣው ካርፕ ወደሚባለው ዓሣና ወደ አምባዛ ዞረዋል። በካናዳ በኒውፋውንድላንድ ደሴት ደግሞ ሰዎች ለብዙ መቶ ዓመት ኮድ በሚባል የባሕር ዓሣ ኖረው፥ ዓሣው ከማለቁ የተነሣ መንግሥት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ማጥመዱን አገደ። ወደ 30 ሺህ የሚሆን ሰው ሥራ አጣ። ከዚያ በኋላ የቻሉት ወደ ባሕር ሸርጣንና ወደ ሽሪምፕ ዞሩ፤ ከእነዚህም የሚገኘው ገንዘብ በኋላ ከኮዱ በለጠ። ይበላቸው የነበረው ኮድ ስለ ጠፋ ሸርጣኑና ሽሪምፑ በዝተው ነበር ይባላል። ነገር ግን ለሸርጣን የሚሆን ጀልባና ወጥመድ ውድ ነው፤ ትንሽ ጀልባ የነበረው ሰው ብዙ ጊዜ አገሩን ለቆ ሄደ። እኔ ይህን ሳነብ ያሰብሁት አንድ በግ እንኳ ስለሌላቸው ጎረቤቶቻችን ነው።

አሁን በቤታችን ያለው ሥርዓት እንዲህ ነው። ከኅዳር ጀምሮ የቀረሶ መረብ እንጥላለን፤ ሁዳዴ ሲገባ ገበያው ስለሚደምቅ ቀረሶውን ለዚያ ጊዜ እናተጋለን። ሐምሌ ሲገባ መረቡን አጥበን ጎጆው ጣሪያ ሥር እንሰቅለውና መንጠቆውን እናወርዳለን። ነጭ ዓሣ በበጋ በመረባችን ከገባ እንወስደዋለን፤ ወደ ወንዙ አፍ ግን ከዚያ ወዲህ አልሄድንም። ሌሎቹ አሁንም ይሄዳሉ፤ አባቴም አይነግራቸውም፤ እነሱም አይጠይቁትም።

ባለፈው ለገና ቤት በሄድሁ ጊዜ እናቴ ከጓሮ በኩል፥ ከምድጃው ራቅ ብሎ፥ ጠርዙ የተሸረፈ አሮጌ ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ጥዳ አገኘኋት። «ለአባትህ ነው» አለችኝ፤ ክዳኑን ግን አልከፈተችውም። እኔም ገብቼ ከጣሪያው ሥር ያሉትን መንጠቆዎች አወረድሁና ቈጠርሁ፤ 43 ናቸው፤ ስድስቱ ዝገዋል።